እንደ በቀቀን የሚደግመው ማን ነው? የሁለት ወፎች ትምህርት ሲመዘን

በአማርኛችን የሰማውን ሳያስተውል የሚደግም ሰው «በቀቀን» ይባላል። ተማሪ የሸመደደውን ሲያነበንብ፣ ተናጋሪ የተሰጠውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲያወርድ፣ «እንደ በቀቀን» እንላለን። ማለዳ ደጃፋችን ላይ የምትዘምረውን ትንሽ ወፍ ስንሰማ ደግሞ ዜማዋ ሳትማረው አብሯት የተወለደ ይመስለናል። ስለ ወፎች ድምፅ ባለፉት 60 ዓመታት የተሠራውን ምርምር ላገላበጠ ሰው ግን ሁለቱም እምነቶች አይጸኑም። ከዘማሪ ወፎች መካከል በቤተ ሙከራ በብዛት የተጠናው ዜማውን የሚያገኘው ከአባቱ ሸምድዶ ነው፤ ከሸመደደ በኋላም እስኪሞት ያንኑ ይደግማል። በቀቀኑ ግን ካደገ በኋላም አዲስ ድምፅ ይማራል፤ የተማረውንም እንደ ጓደኛው እየለወጠ ይሄዳል። ስሙን ለስድብ ያዋልነው ወፍ ተበድሏል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ዳሰሳ ሁለት ወፎችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ ባጅሪጋር የሚባለውን ትንሽ በቀቀንና ዜብራ ፊንች የሚባለውን ዘማሪ ወፍ። የመረጥኋቸው በምክንያት ነው። ሁለቱም የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ተወላጆች፣ ሁለቱም የሣር ፍሬ ለቃሚዎች፣ ሁለቱም ዝናብ ጠብቀው የሚራቡ ናቸው። ሁለቱም ደረቅ ፍሬ ብቻ እየበሉ ያለ ውኃ ረጅም ጊዜ መቆየት እንደሚችሉ በ1960ዎቹ በሙከራ ታይቷል። አገራቸውና ኑሯቸው ይህን ያህል ከተመሳሰለ በትምህርታቸው መካከል የምናገኘውን ልዩነት በአካባቢያቸው ማሳበብ አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎረቤታሞቹ

ባጅሪጋር በዱር ከ30 እስከ 40 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ ከነጅራቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ደረቱ አረንጓዴ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ጀርባው በጥቁርና በቢጫ የተሸነተረ ነው። ከምንቃሩ በላይ ያለችው ለስላሳ ቆዳ በአዋቂው ወንድ ሰማያዊ፣ በሴቷ ቡናማ ናት። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾው በ1805 የሳይንስ ስም ሰጠው፤ ጆን ጉልድ በ1840 ሕያዋኑን ይዞ እንግሊዝ ከገባ ወዲህ ዓለምን አዳረሰ። በየቤቱ የምናያቸው ሰማያዊና ነጭ ባጅሪጋሮች የሰው እርባታ ያወጣቸው ናቸው።

ዜብራ ፊንች 12 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። የወንዱ ምንቃር ቀይ፣ ጉንጩ ብርቱካንማ፣ ጎኑ ነጭ ነጠብጣብ የተዘራበት ቡናማ ነው። ጅራቱ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ሰረዝ የሜዳ አህያን ስም አሰጥቶታል። ሴቷ ግራጫ ናት፤ ጉንጯም ቀለም የለውም።

የሚለያዩት ጎጆ ላይ ነው። ባጅሪጋር ጎጆ አይሠራም፤ ባረጀ ባሕር ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ይጥላል። ባሕር ዛፍን እኛ ገና ለጋ ሳለ ለአጣናና ለማገዶ ስለምንቆርጠው ሸምግሎ ውስጡ ሲቦረቦር የማየት ዕድል የለንም፤ በተወለደበት አገር ግን ያረጀው ግንድ የበቀቀኖች ቤት ነው። ሴቷ ብቻዋን 18 ቀን ያህል ስትታቀፍ ወንዱ እየተመላለሰ ይመግባታል። ዜብራ ፊንች ደግሞ እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ክብ የሣር ጎጆ ይሠራል፤ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ሁለት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ።

በቀቀኖችና ዘማሪ ወፎች ለብዙ ዘመን እንደ ሩቅ ባዕዳን ሲቆጠሩ ኖረዋል። በ2008 የወጣው ሰፊ የዘረመል ጥናትና በ2014 የ48 የወፍ ዝርያዎችን ሙሉ ጂኖም ያነጻጸረው ሥራ ግን የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን አሳዩ። ይህ ለኛ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው። ድምፅን ሰምቶ መማር በፍጥረት ዓለም ብርቅ ችሎታ ነውና። ዶሮ ወላጆቹን ሳያይ ቢያድግም እንደ ዶሮ ይጮኻል፤ እርግብም እንዲሁ። ከወፎች መካከል ድምፅን በመማር የታወቁት ሦስት ወገኖች ናቸው፦ በቀቀኖች፣ ዘማሪ ወፎችና ሃሚንግበርድ የሚባሉት የአሜሪካ ጥቃቅን ወፎች። ከአጥቢዎች ሰው፣ የሌሊት ወፍ፣ ዓሣ ነባሪ፣ ዝሆንና የባሕር አቆስጣ ይጠቀሳሉ። የቅርብ ዘመዶቻችን የምንላቸው ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች በዚህ ረገድ ከአንዲት 12 ግራም ወፍ ያነሱ ናቸው። የሰው ልጅ እንዴት መናገር እንደ ተማረ የሚጠይቅ ሳይንቲስት ወደ ወፎች ፊቱን ያዞረው ለዚህ ነው።

አንድ ዜማ ለዕድሜ ልክ

በዜብራ ፊንች የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ነው። ከተፈለፈለ ከ25ኛው ቀን ገደማ እስከ 65ኛው ቀን ዜማውን ያዳምጣል፤ ከ35ኛው ቀን ገደማ ጀምሮም ራሱ ይሞክራል። መጀመሪያ የሚያወጣው ድምፅ አፉን እንዳልፈታ ሕፃን የተምታታ ነው። ያንን እየደጋገመ፣ በጆሮው ካስቀረው የአባቱ ድምፅ ጋር እያስተያየ ያርመዋል። 90 ቀን ገደማ ሲሆነው ዜማው ይረጋል። አንድ ወንድ አንድ ዜማ አለው፤ ዜማውም ጥቂት ክፍለ ድምፆች የተቀጣጠሉበትና አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ የሚወስድ ነው።

ሁለቱንም ወፎች በተለያየ የሽቦ ቤት በረንዳዬ ላይ አኑሬ ስለነበር ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የፊንቹ ወንድ ሊዘምር ሲል ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጉንጩ ላባ ይነፋል። ከዚያ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየዞረ በመቆሚያው እንጨት ላይ ወደ ሴቷ ይዘላል፤ እንደ ልጆች የፕላስቲክ መለከት ያለ የተቆራረጠ ድምፅም ይለቃል። በስልኬ የቀዳሁትን የመስከረሙን ከሰኔው ጋር ሳስተያይ ጆሮዬ አንዳች ልዩነት ሊያገኝ አልቻለም።

ዜማው በውርስ እንጂ በትምህርት አይመጣም የሚለውን ጥርጣሬ ቀድመው ካስወገዱት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ክላውስ ኢመልማን ነው። በ1969 ባሳተመው ሥራው የዜብራ ፊንች ጫጩቶችን ቤንጋሊዝ ፊንች በሚባሉ የሌላ ዝርያ ወፎች እንዳሳደጋቸው ገለጸ። ልጆቹ አድገው የዘመሩት የአሳዳጊያቸውን ዜማ ነበር። እንግዲህ ፊንቹ የሰማውን ይደግማል።

ነገር ግን ዝም ብሎ ቴፕ አይደለም። በ2009 ኦልጋ ፌሄርና የሥራ ባልደረቦቿ በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን በሚያስደንቅ መንገድ አሳይቷል። ወንዱ ጫጩት መምህር ሳይኖረው ብቻውን ካደገ ዜማው የተንጋደደ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ይህን የተንጋደደ ዘማሪ ለሌሎች ጫጩቶች መምህር አደረጉት። ተማሪዎቹ ኮረጁት፤ ሲኮርጁ ግን ጥቂት አረሙት። የእነሱም ተማሪዎች እንዲሁ ጥቂት አረሙ። በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ ዜማው ማንም ሳያስተምራቸው ወደ ዱሩ ዜማ ተጠጋ። ከዚህ ሁሉ ሥነ ጽሑፍ አንድ ጥናት ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ ይህን እመርጣለሁ። ትምህርትና ተፈጥሮ ሁለት ተፎካካሪዎች ናቸው ብለን ስንከራከር ለኖርን ሰዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ሲሠራ አሳይቶናል።

የአንጎሉ ታሪክም የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። በ1976 ፈርናንዶ ኖተቦምና አርተር አርኖልድ ካናሪ በሚባለው ዘማሪ ወፍና በዜብራ ፊንች ወንዶች አንጎል ውስጥ ለዜማ የሚያገለግሉት ክፍሎች ከሴቶቹ እጅግ የገዘፉ መሆናቸውን አሳዩ። የወንድና የሴት አንጎል በዓይን በሚታይ ደረጃ ሊለያይ እንደሚችል ለብዙዎች ያኔ አዲስ ነገር ነበር። በ2000 ደግሞ የቺካጎ ተመራማሪዎች ወፉ ሲተኛ በነዚሁ ክፍሎች ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ቀን በዘመረበት ቅደም ተከተል እንደሚተኩሱ አገኙ፤ ወፉ በእንቅልፉ ዜማውን ይከልሳል ማለት ነው። ፎክስፒ2 የሚባለው ጂን መበላሸት በአንድ የለንደን ቤተሰብ የንግግር ችግር ማስከተሉ በ2001 ከታወቀ በኋላ፣ በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች በ2007 ይኸው ጂን በጫጩቱ የዜማ ክፍል ውስጥ ሲዳከም ጫጩቱ የአባቱን ዜማ አዛብቶ እንደሚማር አረጋገጡ። የዜብራ ፊንች ሙሉ ጂኖም በ2010 ሲታተም ከወፎች ከዶሮ ቀጥሎ ሁለተኛው ነበር።

እዚህ ላይ የእናትና የአባትን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2016 ሚሌን ማሪየትና ካትሪን ቡካናን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሲያልፍ ወላጆቹ ለእንቁላሎቻቸው የተለየ ድምፅ እንደሚያሰሙ ጻፉ። ያንን ድምፅ በእንቁላል ውስጥ የሰሙት ጫጩቶች በሞቃት ጎጆ አነስ ብለው አደጉ፤ ይህም ለሙቀት የሚበጅ ሆኖ ተገኘ። ትምህርቱ የሚጀምረው ቅርፊቱ ሳይሰበር ነው።

ከባል ጋር መመሳሰል

ባጅሪጋሬ የሚያወራው ሲመሽ ነበር። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ የግንባሩን ላባ አቁሞ፣ ለደቂቃዎች የማያቋርጥ ማጉረምረም ይጀምራል። በዚያ ውስጥ የፊንቹ ጩኸት ይሰማል፣ የስልክ መልእክት ድምፅ ይሰማል፣ የራሱ ፉጨት ይሰማል፤ ዛሬ በዚህ ተራ፣ ነገ በሌላ። ወር ሳይሞላ አንዱ ይወጣና ሌላ ይገባበታል።

ይህ ረጅም ጉርምርምታ የባጅሪጋር ወንዶች ዝማሬ ነው። ለትምህርት ጥናት ይበልጥ የጠቀመው ግን አጭሩ የመጠራሪያ ድምፅ ነው፤ በበረራ ላይ «የት ነህ?» እንደ ማለት። በ1990ዎቹ የሮበርት ዱሊንግ የሜሪላንድ ቡድን የማይተዋወቁ ባጅሪጋሮችን አንድ ላይ ሲያኖር፣ ወፎቹ በሳምንታት ውስጥ የጋራ መጠራሪያ አበጁ። አዋቂዎች ናቸው፤ ዘጠና ቀናቸውን ካለፉ ቆይተዋል። በካሊፎርኒያ ተሠርቶ በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወንድና ሴት ሲጣመሩ ምን እንደሚሆን ተከታተለ። ወንዱ የሴቷን መጠራሪያ ተማረ፤ የሚለወጠው እሱ ነው። በፊንቹ ዓለም ልጅ አባቱን ይመስላል፤ በባጅሪጋር ዓለም ባል ሚስቱን ይመስላል። ሴቶቹም ቢሆኑ ዝም አይሉም፤ እነሱም ከመንጋቸው ድምፅ ይማራሉ።

ፎክስፒ2 እዚህም ይመለሳል። በዜብራ ፊንች አንጎል የዚህ ጂን መጠን ወፉ ሲዘምር ዝቅ ይላል፣ ሲያቆም ይመለሳል። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን በአዋቂው ባጅሪጋር የድምፅ ክፍል ውስጥ መጠኑ ዘወትር ዝቅ እንዳለ ነው። የመማሪያው በር ገርበብ እንዳለ ይኖራል ማለት ነው፤ ይህ የእኔ አተረጓጎም ቢሆንም ከመረጃው ጋር የሚሄድ ይመስለኛል።

የሰው ቃል መማራቸውን በተመለከተ ብዙ የተወራለት ፓክ የሚባለው ባጅሪጋር ነው። 1,728 ቃላት በማወቁ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ በ1995 ሰፍሯል። እኔ ግን በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ መመርኮዝ አልወድም። ቃል መቁጠር ማስተዋልን አይለካም፤ የወፉንም ፍላጎት አይነግረንም። ባጅሪጋር የሰውን ቃል የሚማረው በሰው ቤት የቀረው መንጋ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው።

ከድምፅ ውጭ ስላለው ብልሃትም አንድ ጥሩ ሥራ አለ። በ2019 በሳይንስ መጽሔት የቻይናና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሴት ባጅሪጋሮች ያልመረጧቸውን ወንዶች ወስደው ምግብ የያዘ እንቆቅልሽ ሣጥን መክፈት አስተማሯቸው። ሴቶቹ ያ የተናቀው ወንድ ሣጥኑን ሲከፍት፣ የወደዱት ግን ሲያቅተው ካዩ በኋላ ልባቸው ወደ ባለሙያው አዘነበለ።

ፊት ለፊት ሲገናኙ

ሁለቱን ወፎች በአንድ ፈተና ያስቀመጡ ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ የዳሰሳው ፍርድ የሚያርፈው ግን በእነሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው በ2016 ከኔዘርላንድ ላይደን የመጣው የሚሼል ስፒሪንግስና የካሬል ቴን ካቴ ሙከራ ነው። ወፎቹ የድምፅ ቅደም ተከተል እንዲለዩ ሠለጠኑ፤ አንዱ «ሀ-ለ-ሀ» ዓይነት፣ ሌላው «ሀ-ሀ-ለ» ዓይነት። ከዚያ ሰምተዋቸው በማያውቁ አዳዲስ ድምፆች የተሠሩ ተከታታዮች ቀረቡላቸው። ዜብራ ፊንቾቹ የተመሩት የትኛው ድምፅ በየትኛው ቦታ እንደ ነበረ በማስታወስ ነው። ባጅሪጋሮቹ ግን ቅርጹን ያዙ፤ ድምፆቹ ቢለወጡም «መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ነው» የሚለውን ደንብ አወጡ። ሸምዳጁ ማን እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ሁለተኛው የአንጎል ቆጠራ ነው። የአንጎል ተመራማሪዋ ሱዛና ሄርኩላኖ-ሆውዜል የተሳተፈችበት በ2016 የታተመ ጥናት በዜብራ ፊንች አንጎል 130 ሚሊዮን ያህል፣ በባጅሪጋር አንጎል ከ300 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ አሳየ። የአይጠ መጎጥ አንጎል፣ ከባጅሪጋሩ የሚገዝፈው፣ የያዘው 200 ሚሊዮን ያህል ነው። በ2015 ደግሞ የኤሪክ ጃርቪስ ቡድን የበቀቀኖች የድምፅ ክፍሎች ከዘማሪ ወፎች በተለየ ሁለት ድርብ መሆናቸውን ገለጸ፤ አስኳልና በዙሪያው የተሠራ ቅርፊት።

ሦስተኛው ገና ትኩስ ነው። በመጋቢት 2025 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዜቲያን ያንግና ማይክል ሎንግ በኔቸር መጽሔት ባወጡት ሥራ ባጅሪጋሮች ድምፅ ሲያሰሙ የነርቭ ሕዋሳታቸውን እንቅስቃሴ ቀዱ። ሕዋሳቱ እንደ በገና አውታር ሥራ ተከፋፍለው ተገኙ፤ አናባቢ ለሚመስለው ድምፅ የሚሠሩ፣ ተነባቢ ለሚመስለው የሚሠሩ፣ ለቀጭኑና ለወፍራሙ የሚሠሩ። በሰው አንጎል የንግግር ክፍል የሚታየውን የመሰለ አደራጃጀት ነው። በዜብራ ፊንች ግን እንዲህ ያለ ካርታ የለም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ በዜማው ውስጥ ለራሱ ለብቻው የተመደበች ቅጽበት አለችው። አንዱ አውታሮቹን አውቆ የፈለገውን የሚመታ በገና ደርዳሪ ነው፤ ሌላው አንዲቱን መዝሙር ጣቱ የለመደ።

ፊንቹን አሳንሼ እንዳልታይ እፈራለሁ። በሜሪላንድ የተደረጉ የመስማት ፈተናዎች እንዳረጋገጡት እነዚህ ትናንሽ ወፎች በሰከንድ ሺኛ የሚለካ የድምፅ ለውጥ ይለያሉ፤ የሰው ጆሮ እዚያ አይደርስም። እኛ አንድ ዓይነት ነው ብለን የምንሰማው ዜማ ለእነሱ በውስጡ የማንሰማው ብዙ ነገር ሊኖረው ይችላል። የመስከረምና የሰኔ ቅጂዬን በጆሮዬ መመዘኔም ስለዚህ ለፍርድ አይበቃም።

ምርምሩ የሚያንከስበት

በዚህ መስክ ሁለት ነገር አይመቸኝም። አንደኛ፣ የተጠኑት ወፎች አብዛኞቹ በሽቦ ቤት ለብዙ ትውልድ የተረቡ ናቸው። በዱር በሺሕ በሚቆጠር መንጋ የሚበር ባጅሪጋር አራትና አምስት ሆኖ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጠና፣ ስለ መንጋው ትምህርት የምናውቀው ከባሕር በጭልፋ ነው። ሁለተኛ፣ ዜብራ ፊንች የዘማሪ ወፎች ሁሉ ተወካይ ተደርጎ በመያዙ «የሚዘምረው ወንድ ነው» የሚል እምነት ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ነበር። በ2014 የታተመ ሰፊ ጥናት ከተመረመሩት የዘማሪ ወፍ ዝርያዎች በ71 በመቶው ሴቶችም እንደሚዘምሩ፣ የጥንት እናቶቻቸውም ዘማሪዎች እንደነበሩ አሳየ። የአንድ አገር አንድ ወፍ ለአምስት ሺሕ ያህል ዝርያዎች መናገር አይችልም።

ለዚህ ደግሞ ኢትዮጵያ ብዙ የምትጨምረው አላት። የዜብራ ፊንች ቤተሰብ የሆኑ ወፎች በየደጃችን አሉ፤ ከጎጆ ደጃፍ እህል የሚለቅሙት ጥቃቅን ቀያይ ወፎች ከዚያ ወገን ናቸው። እነሱን ተጠግቶ የሚኖር፣ እንቁላሉን በእነሱ ጎጆ ጥሎ የሚሄድ ጥቁር ወፍም አለ፤ ወንዱ ልጅ አድጎ የአሳዳጊዎቹን ዜማ ይዘምራል፤ አሜሪካዊው ሮበርት ፔይን ይህን በአፍሪካ ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። በደቡብ ኢትዮጵያም በሚገኝ ሰማያዊ ራስ ያለው ሌላ ዘመዳቸው ወንዱም ሴቷም እየዘመሩ በእግራቸው መቆሚያውን እንደሚመቱ በ2015 በፈጣን ካሜራ ታይቷል። በቀቀንም አለን። ግንባረ ቀዩ አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የለም፤ በአዲስ አበባ የጽድ ዛፎች ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል። ፊተ ቢጫው በቀቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ሥነ ሕይወት የምታጠኑ ወጣቶች፣ አንድ ድምፅ መቅጃና አንድ ዓመት ትዕግሥት ይዛችሁ ጥንዶቹ መጠራሪያቸውን እንደ ባጅሪጋር ይጋሩ እንደ ሆነ ብትከታተሉ ላይደንና ኒው ዮርክ የሚጠብቁት ሥራ ይወጣችኋል።

ወፍ በቤታችሁ የምታኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ሁለት ነገር አደራ። ባጅሪጋርን ብቻውን አታኑሩት፤ የሚመስለው ጓደኛ ይፈልጋል። የዜብራ ፊንችን ወንድ ጫጩት ሦስት ወር ሳይሞላው ከአባቱ አትለዩት፤ ያኔ ያልያዘውን ዜማ በኋላ አስተካክሎ አይማረውም።